የፍሬን መብራት ማስጠንቀቂያ ምንድን ነው?

በአንዳንድ የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ዳሽቦርድ ላይ፣ ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ፣ ቁልፉ ሲከፈት የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አንዳንዱ ነጂ ሲያያት ፍሬኑ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ እስከቆመለት ድረስ ለወራት ችላ ብሏት ይነዳል። የፍሬን መብራት ማስጠንቀቂያ የምትጠብቀው ግን ፍሬን በተያዘ ጊዜ ከኋላ የሚበራውን አምፖል ነው። ነጂው የራሱን ጀርባ ማየት ስለማይችል፣ አምፖሉ መሥራቱን በእርሱ ፈንታ ታይለታለች።

ዛሬ በጅማ መንገዶች ላይ የሚመላለሱት ትናንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ ይህ ምልክት የላቸውም። የሚገኘው እንደ ቢ ኤም ደብልዩ ኬ 75 እና ኬ 100 ባሉት የ1980ዎቹ ትልልቅ ሞተሮችና ከዚያ በፊት በተሠሩ አንዳንድ የጃፓን ሞዴሎች ላይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወደ ኋላ አምፖሉ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በመንገዱ ላይ በአንድ የመቆጣጠሪያ ሪሌይ ውስጥ ያልፋል፤ ሪሌዩም የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ መጠን ይለካል። 21 ዋት የሆነ አምፖል በ12 ቮልት ሲበራ 1.75 አምፔር ያህል ይወስዳል። ፍሬን ተይዞ ይህን የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ካላለፈ፣ ሪሌዩ አምፖሉን እንደተቃጠለ ይቆጥርና ማስጠንቀቂያዋን ያበራል። እንግዲህ ሪሌዩ ብርሃን አያይም፤ የሚያውቀው አምፔር ብቻ ነው። ከታች የምናያቸው አሳሳች ሁኔታዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ቁልፉ እንደተከፈተ ማስጠንቀቂያዋ መብራቷ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ ፍሬን እስኪያዝ ድረስ በርታ መቆየቷ የአሠራሯ አካል ነው። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ላይ የእጁም የእግሩም ፍሬን በየተራ ካልተያዘ አትጠፋም። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ያለ ምንም መሣሪያ ነው፦ አመሻሽ ላይ ሞተሩን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ማቆም፣ መጀመሪያ የእጁን፣ ቀጥሎ የእግሩን ፍሬን ይዞ በግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ቀይ ብርሃን መመልከት። በአንደኛው በርቶ በሌላኛው ካልበራ አምፖሉ ደህና ነው፤ ችግሩ የማይሠራው ፍሬን ስዊች (ፍሬን ሲያዝ የኋላውን መብራት የሚያበራው ማብሪያ) ላይ ወይም ወደ ስዊቹ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። በእግር ፍሬኑ በኩል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፔዳሉንና ስዊቹን የምታገናኘው ትንሽ ሞላ ተዘርግታ መላላቷ ነው።

በሁለቱም ካልበራ አምፖሉን መፍታት ነው፤ ሲፈቱትም ክሩን ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃም። በኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የኖረ አምፖል ክሩ ተበጥሶም ጫፎቹ ሊነካኩ ስለሚችሉ፣ ቤት ቆሞ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ይጠፋል። በጅማ ክረምት ደግሞ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው የአምፖሉን ሶኬት ነው። አንድ ወዳጄ የመቆጣጠሪያ ሪሌዩን በውድ ዋጋ አስቀይሮ መብራቷ አልጠፋ ብላው መጥቶ ነበር። የኋላውን ቀይ ሽፋን ስንፈታ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ውሃ ሲያስገባ የከረመ ሆኖ ተገኘ፤ የሶኬቱ መዳብ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን ስንመልሰው፣ ፍሬን እንደያዘ መብራቷ ጠፋች። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ደግሞ ፍሬኑ ተይዞ ሳለ አንዱን ጫፍ በሶኬቱ ብረት ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጎ ይለካ፤ ንባቡ ወደ ዜሮ ካልተጠጋና ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ከአምፖሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር ዝጓል ወይም ላልቷል።

ሌላው አሳሳች ነገር አምፖሉን ገልብጦ መክተት ነው። አንዱ ክር 5 ዋት ለማታ፣ ሌላው 21 ዋት ለፍሬን የሆነው አምፖል አንገቱ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች ከፍታቸው እኩል ያልሆነው ሆን ተብሎ ነው። ሶኬቱ ካረጀ ግን በግድ ተገልብጦ ይገባል፤ ያኔ የማታው መብራት ደምቆ ይበራል፣ ፍሬን ሲያዝ የሚጨመረው ግን ደካማው 5 ዋት ስለሆነ ሪሌዩ ያማርራል። የኤል ኢ ዲ አምፖልም እንዲሁ ነው፦ ከኋላ ቦግ ብሎ እየበራ፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ ማስጠንቀቂያዋ አትጠፋም። በእኔ እምነት ለእነዚህ ሞተሮች የሚሻለው የድሮውን ዓይነት አምፖል መመለስ ነው።

ከዚህች መብራት ጋር መምታታት የሌለበት፣ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ የፍሬን ዘይት ማነሱን የሚያመለክተው ምልክት ነው። እርሱ በእርግጥ የፍሬኑን ጤንነት ይመለከታል። የፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት ዝቅ ይላል፤ ሸራውን ሳያዩ ዘይት ብቻ መሙላት ምልክቱን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ያለቀውን ሸራ አይመልስም። ዘይቱ እርጥበትም ይስባል፦ ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ይህ መጠን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ቁልፉ ተከፍቶ ማስጠንቀቂያዋ ጭራሽ የማትበራ ከሆነ ደግሞ ሁሉ ደህና ነው ብሎ መንዳት አይገባም፤ የተቃጠለው የራሷ ትንሽ አምፖል ሊሆን ስለሚችል፣ ዳሽቦርዱን ፈትቶ እርሷን ማየት ይቀድማል።