የማህፀን ካንሰርና የሆርሞን ተቀባዮች፦ ከጡት ካንሰር የተኮረጁ ስህተቶች

ስለ ጡት ካንሰር ብዙ ይወራል። ይወራ፤ ጥሩ ነው። የሚያበሳጨኝ ሰው እዚያ የሰማውን ሁሉ እንዳለ አንስቶ ለማህፀን ካንሰር ሲያለብሰው ነው። የማህፀን ካንሰር ማከም ከጀመርኩ ጀምሮ አንድ አባባል አሰልችቶኛል፦ «ዶክተር፣ ካንሰሩ የሆርሞን ነው ተብሏል፤ እባክዎ ምንም ዓይነት ሆርሞን እንዳይሰጡኝ።» ታካሚ ብቻ ቢለው ምንም አልነበረም። የሌላ ክፍል ሐኪሞችም ይሉታል።

የማወራው በዋናነት ከማህፀን የውስጥ ሽፋን ስለሚነሳው ካንሰር ነው። የማህፀን በር ካንሰር ሌላ በሽታ ነው። መነሻው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ሕክምናውም በሆርሞን ተቀባይ ምርመራ አይወሰንም። የኤችፒቪ ክትባትም የውስጥ ሽፋኑን ካንሰር አይከላከልም። ይህን እዚሁ ዘግተን እንለፍ።

«ካንሰሩ ሆርሞን ተቀባይ ካለው ሆርሞን ሁሉ መርዝ ነው»

ዋናው ጠቤ ከዚህ ጋር ነው።

ተቀባይ በሴሉ ኒውክለስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሆርሞኑ በደም ይመጣል፣ ሴሉ ውስጥ ይገባል፣ ተቀባዩ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ሁለቱ አብረው የትኛው ጂን ይሥራ፣ የትኛው ይረፍ የሚለውን ያዛሉ። ተቀባዩ የሴሉ ጆሮ ነው በሉት፤ ከሌለ ሆርሞኑ ቢጎርፍም የሚሰማ የለም። እዚህ የሚያገቡን ሁለት ናቸው፦ የኢስትሮጅን ተቀባይና የፕሮጄስትሮን ተቀባይ።

ሁለቱም ጤነኛ ማህፀን ውስጥ አሉ። ተቀባይ መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም። በወር አበባ ዑደት የመጀመሪያ አጋማሽ ኢስትሮጅን ሽፋኑን ያሳድጋል፤ ሴሎቹ ይባዛሉ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ይመጣና «በቃ» ይላል። መባዛቱ ይቆማል፤ እርግዝና ከሌለ ሽፋኑ በወር አበባ ይወርዳል። አደጋው ያለው ኢስትሮጅን ለዓመታት ብቻውን ሲሠራና «በቃ» የሚለው ሲጠፋ ነው። እንቁላል በየወሩ የማይወጣላት፣ የወር አበባዋ በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ የሚመጣ ሴት እዚህ ውስጥ ናት። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላትም እንዲሁ።

ይህ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ ላይ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የወጡ ሁለት ጥናቶች ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን ብቻውን የሚወስዱ ሴቶች በዚህ ካንሰር በብዛት እንደሚያዙ አሳዩ። መፍትሔው ምን ሆነ? ሆርሞን መቀነስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሌላ ሆርሞን መጨመር ነው። ዛሬ ማህፀን ያላት ሴት ለማረጥ ምልክቶች ኢስትሮጅን ከታዘዘላት ፕሮጄስትሮን ወይም እሱን መሰል መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ጡት ላይ ግን ይኸው ጥምረት የካንሰር አደጋን ይጨምራል። አንዱን አካል የሚጠብቀው ሌላውን ያሰጋል ማለት ነው። «ሆርሞን ያው ሆርሞን ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ትዕግሥቴ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ለሕክምናም ያገለግላል። ኬሊና ቤከር የተባሉ ሐኪሞች የተሰራጨ የማህፀን ሽፋን ካንሰር በዚህ መድኃኒት እንደሚሟሽሽ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ወሬው አዲስ አይደለም እኮ!

አንዲት ያልወለደች ወጣት ታካሚ ነበረችኝ። ዕጢው ግሬድ 1 (መልኩ ለጤነኛው ሽፋን የቀረበ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ)፣ ከሽፋኑ ያላለፈ፣ ሁለቱም ተቀባዮች በደንብ የታዩበት። ማህፀኗን ለጊዜው ለማትረፍ ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ እንዲገባላት ተስማማን። የጡት ካንሰር የታከመች አክስቷ ስትሰማ «ሆርሞን? አብደሻል?» አለቻት። አክስቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ለራሷ በሽታ የተነገራትን ነው የደገመችው። ልጅቷ ግን ለወራት ጠፋች። ስትመለስ ዕጢው ወደ ማህፀኑ ጡንቻ ዘልቋል። ማህፀኗ ወጣ።

«ውጤቱ ላይ ፖዘቲቭ ተብሏል፤ አለቀልኝ»

በተቃራኒው ነው። «ፖዘቲቭ» ማለት ዕጢው ተቀባይ አለው ማለት ነው። ቀስ ብለው የሚያድጉትና መልካቸው ለጤነኛው ሽፋን የቀረበው ኢንዶሜትሪዮይድ ዕጢዎች ናቸው አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይ ያላቸው። ሲረስና ክሊር ሴል የተባሉት ኃይለኛ ዓይነቶች ብዙ ጊዜ ተቀባያቸው ጥቂት ነው ወይም የለም። ዕጢ እየከፋ ሲሄድ ተቀባዩን ይጥላል። በዚህ ምርመራ እኔን የሚያሳስበኝ «ኔጌቲቭ» የሚለው ነው።

«ፖዘቲቭ ከሆነ ክኒን ይበቃል፤ ቀዶ ሕክምና ምን ያደርጋል?»

ይህ ደግሞ የመጀመሪያው ስህተት ሌላኛው ጫፍ ነው። የማህፀን ሽፋን ካንሰር ዋና ሕክምና ዛሬም ማህፀኑን ማውጣት ነው፤ ቀድሞ ከተደረሰበት አብዛኞቹ በዚሁ ይድናሉ። በሆርሞን ብቻ የሚታከሙት ጥቂት ናቸው፦ መውለድ የምትፈልግ፣ ዕጢዋ ግሬድ 1 የሆነና ኤምአርአይ ላይ ወደ ጡንቻ ያልገባባት፤ ወይም ቀዶ ሕክምና የማትችል፤ ወይም በሽታው ተመልሶባት ቀስ እያለ የሚያድግባት። ከወጣቶቹ አብዛኞቹ ላይ ዕጢው ይጠፋል። ከጠፋላቸው ውስጥ ግን ብዙዎቹ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ በየ3 እስከ 6 ወሩ ናሙና ይወሰዳል፣ ወልዳ ስትጨርስም ማህፀኑ እንዲወጣ ይመከራል። «ክኒኑን እየወሰድኩ ነው፣ ደህና ነኝ» ብሎ ከክትትል መቅረት አይሠራም።

ደግሞም ተቀባይ አለ ማለት መድኃኒቱ የግድ ይሠራል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ በሽታው ከተሰራጨባቸው ሴቶች መካከል የፕሮጄስትሮን ተቀባይ ካላቸው 37 በመቶው ምላሽ ሰጡ፤ ከሌላቸው 8 በመቶው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም።

እዚያው ሙከራ ላይ በቀን 200 ሚሊግራም የወሰዱት 1000 ሚሊግራም ከወሰዱት አላነሱም፤ እንዲያውም የተሻሉ መሰሉ። «መጠኑን ይጨምሩልኝ» ለሚሉኝ ይህን ነው የምነግራቸው። ፕሮጄስትሮን መሰሉ መድኃኒት ሳያቋርጥ ሲመጣ የራሱን ተቀባይ ከሴሉ ውስጥ ይቀንሳል። የሚሰማ ካነሰ መጮህ ምን ይጠቅማል?

«ታሞክሲፈን ፀረ-ኢስትሮጅን ነው፤ ማህፀንንም ይጠብቃል»

ታሞክሲፈን ለጡት ካንሰር የሚታዘዝ ክኒን ነው። ጡት ላይ ኢስትሮጅንን ያግዳል። ማህፀን ሽፋን ላይ ግን በከፊል እንደ ኢስትሮጅን ይሠራል። ተቀባዩ አንድ ነው፤ በየአካሉ አብረውት የሚሠሩት ፕሮቲኖች ግን ይለያያሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ታሞክሲፈንን የማህፀን ሽፋን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል፤ በዚያው የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የሚጠቅም መሆኑንም መስክሯል። አሁን አንብባችሁ ክኒኑን እንዳትጥሉ! ለታዘዘላት የጡት ካንሰር ታካሚ ጥቅሙ በብዙ ይበልጣል።

የሚገርመው ይኸው መድኃኒት ማህፀን ካንሰር ላይም ይሠራበታል። ኢስትሮጅን የፕሮጄስትሮን ተቀባይን ያበዛል፤ ታሞክሲፈንም ማህፀን ላይ እንደዚያው ያደርጋል። ስለዚህ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ሜጀስትሮል (ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ነው)፣ ሦስት ሳምንት ታሞክሲፈን እየተፈራረቁ ይሰጣሉ፤ አንዱ የቀነሰውን ተቀባይ ሌላው እንዲመልስ።

ታሞክሲፈን የምትወስዱ፣ የማትወስዱም፣ ይህችን ያዙልኝ፦ ከማረጥ በኋላ የሚታይ ደም ጠብታም ቢሆን ይመረመራል። አንድ ቀን ታይቶ ቢጠፋም። ቡናማ ፈሳሽ ቢሆንም። ሕመም ባይኖረውም። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ከአሥር ሴቶች ካንሰር የሚገኝባት አንዷ ብትሆን ነው። ካንሰሩ ካለባቸው ግን አሥር ውስጥ ዘጠኙ የሚያዩት ምልክት ይኸው ደም ነው። «የማህፀን በር ምርመራዬ ንፁህ ነበር» አትበሉኝ፤ እሱ ለሌላ በሽታ የተሠራ ነው። የሚያስፈልገው አልትራሳውንድና ከሽፋኑ የሚወሰድ ናሙና ነው። ገና ያላረጣችሁም የወር አበባችሁ ወራት እየዘለለ ሲመጣ የሚጎርፍ ከሆነ ታዩ።

«ካረጥኩ፣ ወይም ኦቫሪዬ ከወጣ፣ ኢስትሮጅን የለኝም»

አለሽ። ስብ ውስጥ ያለ አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ከአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ካለው ሆርሞን አመንጪ አካል) የሚመጡ ሆርሞኖችን ወደ ኢስትሮጅን ይቀይራል። ስብ ሲበዛ እሱም ይበዛል።

«የወሊድ መከላከያ ክኒን የማህፀን ካንሰር ያመጣል»

ሁለቱም ሆርሞኖች ያሉበት ክኒን የሽፋኑን ካንሰር ይቀንሳል። ጥበቃው ክኒኑ ከተተወ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል።

«በጡት ካንሰር እንደሚደረገው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለዓመታት ሆርሞን ልውሰድ»

ተሞክሯል። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ለወጣላቸው ዕድሜ አልጨመረም።

«ማዮማም ተቀባይ ስላለው ወደ ካንሰር ይቀየራል»

ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ጡንቻ ዕጢ) ሁለቱም ተቀባዮች አሉት፤ ለዚህም ነው ከማረጥ በኋላ የሚሟሽሸው። ወደ ካንሰር መቀየሩ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ከማህፀን ሳርኮማዎች (ከጡንቻና ከደጋፊ ሴሎች ከሚነሱ ካንሰሮች) ውስጥ ተቀባይ በጣም የሚበዛበት ሌላ ነው፤ ከሽፋኑ ደጋፊ ሴሎች የሚነሳ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት። እሱ ተመልሶ ሲመጣ አሮማቴዝን የሚያግዱ መድኃኒቶች ወይም ፕሮጄስትሮን መሰሎቹ ለዓመታት ሊይዙት ይችላሉ። ኢስትሮጅንና ታሞክሲፈን ግን አይሰጡም። ስለዚህ የፓቶሎጂ ውጤት ስትቀበሉ የዕጢው ዓይነት ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ የተቀባዩ ነገር ከዚያ ቀጥሎ ነው።