መሸርሸር፣ ደለልና ስበት፦ መሬት ቅርጿን የምትቀይርበት መንገድ

ተራራ ሲያዩት ከቦታው ንቅንቅ የሚል አይመስልም። ግን በየጊዜው እየተቆረሰ ወደ ታች ይወርዳል። መሸርሸር አፈሩንና አለቱን ያነሣል፤ ያ የተነሣው ሌላ ቦታ ደለል ሆኖ ይከማቻል። ከሁለቱም ጀርባ ስበት አለ። መማሪያ መጻሕፍት ሦስቱን ጎን ለጎን ይደረድሯቸዋል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አለቃው ስበት ነው። ዝናብ የሚወርደው፣ ወንዝ የሚፈሰው፣ የበረዶ ግግር ቁልቁል የሚንሸራተተው እሱ ስለሚጎትታቸው ነው። ከዚህ ወጣ የሚለው ነፋስ ነው፤ እሱን በዋናነት የሚያስነሣው የፀሐይ ሙቀት ነው።

አለት ከመጓዙ በፊት መሰባበር አለበት። ውኃ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስንጥቁንም ያሰፋዋል። የዛፍ ሥርም ይፈነቅላል። የኖራ ድንጋይን ደግሞ ዝናብ ቀስ እያለ ያሟሟዋል።

አንድ ጠብታ ዝናብ የሚሠራውን ቀረብ ብለን እንየው። ትልቅ ጠብታ መሬት ሲደርስ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ትንሽ ጉድጓድ ምሶ አፈሩን ዙሪያውን ይረጨዋል። ሜዳ ላይ ከሆነ የሄደውና የመጣው ይካካሳል። ተዳፋት ላይ ግን ቁልቁል የተረጨው ርቆ ይወድቃል፤ ሽቅብ የተረጨው እዚያው አጠገቡ ይቀራል። በአንድ ዝናብ ብቻ ስንት ጠብታ እንዳለ አስቡት። ሣርና ቅጠል ጠብታውን ከተቀበሉት ጉልበቱ እነሱ ላይ ያልቃል። ካልተቀበሉት ውኃው ተጠራቅሞ ቦይ ያወጣል። ቦዩ ሲጠልቅ ሌላ ውኃ ይስባል፤ በዚያው ቦረቦር ይሆናል።

ጎርፍ ባይኖርም አፈር ተዳፋት ላይ ቀስ እያለ ቁልቁል ይንፏቀቃል፤ እርጥበት ግን እዚህም አለበት። አፈር ሲረጥብ አብጦ ከተዳፋቱ ወደ ውጭ ይነሣል። ሲደርቅ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ስበት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በዓይን አይታይም፤ ያጋደሉ አጥሮችና ከሥራቸው የጎበጡ ዛፎች ግን ያሳብቁበታል።

ደረቅ አሸዋ ሲከመር ጎኑ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ የተጨመረው ይንሸራተታል። ተራራም የራሱ ልክ አለው። ልኩን ብዙ ጊዜ የሚያፋልሰው ውኃ ነው። ክብደት ይጨምራል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ሲገፋቸው ነው። ያኔ እርስ በርስ ያያያዛቸው ፍትጊያ ይቀንሳል። ጣሊያን ውስጥ በቫዮንት ግድብ የሆነው ይኸው ነው። ከሐይቁ በላይ ያለው የቶክ ተራራ ጎን ለሦስት ዓመታት ያህል ሲንፏቀቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1963 ግን 260 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ አለትና አፈር በአንዴ ሐይቁ ውስጥ ተዘረገፈ። ማዕበሉ ግድቡን ዘሎ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ። ግድቡ ራሱ አልፈረሰም፤ ዛሬም ቆሟል።

ብዙ ሰው ግዙፍ ሸለቆን ወንዝ ብቻ የቆፈረው ይመስለዋል። የአሜሪካው ግራንድ ካንየን ጥልቀቱ 1,800 ሜትር፣ ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ 29 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የኮሎራዶ ወንዝ ግን ከዚህ ስፋት ጋር ሲተያይ ቀጭን መስመር ነው። ወንዙ ወደ ታች ቆረጠ። ያሰፉት ናዳና ከጎን የሚገቡ ጅረቶች ናቸው። ወንዙ እግሩን የበላው ገደል ይደረመሳል፤ ወንዙም የተደረመሰውን ጠርጎ ይወስዳል።

ወንዝ የሚሸከመው በፍጥነቱ ልክ ነው። ሲፈጥን ያነሣል፣ ሲዘገይ ይጥላል። መታጠፊያ ላይ ይህ በአንድ ቦታ ይታያል፤ ውጫዊውን ዳርቻ ይበላል፣ በውስጠኛው በኩል አሸዋ ያስቀምጣል። ሲጥልም በተራ ነው፦ መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ። በረጋ ውኃ ውስጥ ሻካራ አሸዋ አንድ ሜትር ለመውረድ ሰከንዶች ይበቁታል። እጅግ የላመ የሸክላ አፈር ግን ቀናት ይፈጅበታል። የሚገርመው፣ ይኸው የላመ አፈር አንዴ ከረጋ ለማንሣት ከአሸዋ ይልቅ ያስቸግራል፤ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ። የበረዶ ግግር ግን እንዲህ አይመርጥም፤ ዱቄቱንም ቤት የሚያህለውን ቋጥኝም ቀላቅሎ ይጥላል።

ወንዝ ባሕር ሲገባ ፍጥነቱን ያጣል፤ የያዘውንም አራግፎ ዴልታ የሚባል የደለል መሬት ይሠራል። ዴልታ የሚኖረው ደለል እየመጣለት ነው፤ ማዕበል ሁልጊዜ ከጫፉ ይወስዳልና። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ የዓባይ ደለል ከግድቡ ጀርባ ባለው ናስር ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ባሕሩ ግን መውሰዱን አላቆመም። አንዱ የዓባይ ቅርንጫፍ ባሕር በሚገባበት በሮዜታ በኩል ዳርቻው እየተበላ ወደ ኋላ ሸሸ፤ በኋላም ማዕበሉን የሚገታ ግንብ ተሠራበት።