ዊንተር ፊልድ ዴይ ምንድን ነው?

ዊንተር ፊልድ ዴይ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከሞቀው የሬዲዮ ክፍላቸው ወጥተው በብርድ የሚሠሩበት የሰሜን አሜሪካ ዝግጅት ነው። በጃንዋሪ የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ይካሄዳል፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 የተጀመረውና በጁን የሚደረገው ፊልድ ዴይ፣ ማለትም ጣቢያን ደጅ አቁሞ ለአደጋ ጊዜ መለማመጃው ነበር። መብራትና ስልክ የሚቋረጠው ግን ፀሐይ በሞቀበት ቀን ብቻ አይደለም። በረዶ መስመር ሲበጥስ የሚሠራ ጣቢያ መኖሩ የሚታወቀው በበረዶ ሲሞከር ነው።

ነጥብ ይቆጠራል፣ ደንቡም ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻል የዚያን ዓመቱን ማንበብ ይበጃል። ሆኖም ሎግ (ያገኛችኋቸውን ጣቢያዎች የምትጽፉበት መዝገብ) መላክ ግዴታ አይደለም። ሁለት ሰዓት ሠርቶ አሥር ጣቢያ አግኝቶ ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ ለጀማሪም የምንመክረው ይኸንኑ ነው።

በአየር ላይ የሚለዋወጡት ሦስት ነገር ነው፦ የጥሪ ስም፣ ምድብና ሴክሽን (የአሜሪካና የካናዳ አማተር ሬዲዮ ማኅበራት አገራቸውን የከፈሉበት ክልል)። ምድቡ ስንት ማሰራጫ በአንድ ጊዜ እንደሚሠራና ጣቢያው የት እንዳለ ይናገራል። ቦታውን የሚናገረው ፊደል በአየር ላይ በቃል ይጠራል፦ ኦስካር (O) ደጅ፣ ኢንዲያ (I) ከቤት ውጭ ባለ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ ሆቴል (H) ደግሞ መኖሪያ ቤት ነው። ስለዚህ አንዱ «ቱ ኦስካር ኮሎራዶ» ቢል፣ ሁለት ማሰራጫ ይዞ ደጅ የተቀመጠ፣ ሴክሽኑም ኮሎራዶ የሆነ ጣቢያ ነው። ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከሜክሲኮ ውጭ ያለ ከሴክሽን ይልቅ «ዲኤክስ» (ሩቅ አገር) ይላል። ጀማሪ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በልማድ «ፋይቭ ናይን» ብሎ የሲግናል ሪፖርት በመጨመር ነው፤ እዚህ ማንም አይጠይቀውም። ሴክሽኑ ካመለጣችሁ «ሴክሽን አጌን?» ማለት ይበቃል። ገምቶ መጻፍ ግን ሎጉን ያበላሻል።

የ60፣ የ30፣ የ17 እና የ12 ሜትር ባንዶች (በሞገድ ርዝመት የሚጠሩ የሬዲዮ ክልሎች) አይፈቀዱም። ቀን 20፣ 15 እና 10 ሜትር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ 40 እና 80 ሜትር ይሠራሉ። የጃንዋሪ ቀን አጭር ስለሆነ 20 ሜትር ጸጥ እስኪል አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ወደ 40 ውረዱ። እዚህ ላይ ብርዱ ይክሳል፦ መብረቅ ስለሚቀንስ 80 እና 160 ሜትር ከጁኑ ይልቅ ጫጫታቸው አነስተኛ ነው።

ለአንቴና ቀላሉ ዳይፖል ነው፤ መሃሉ ላይ ከኬብል ጋር የሚገናኙ ሁለት እኩል የሽቦ ጎኖች ማለት ነው። 142.5ን በሜጋኸርዝ በተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ስታካፍሉ ጠቅላላ ርዝመቱ በሜትር ይወጣል፦ ለ7.2 ሜጋኸርዝ 19.8 ሜትር፣ በየጎኑ 9.9። ሠላሳ ሳንቲሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡና ኤስደብሊውአሩን (አንቴናው ከሬዲዮው ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚያሳየውን ልኬት፤ ዝቅ ሲል ይሻላል) እያያችሁ አሳጥሩ። ይህ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ ጣት ሳይደነዝዝ ያልቅ፤ ሜዳ ላይ የሚቀረው መስቀል ብቻ ይሁን። የቀዘቀዘ መሬት ካስማ አያስገባም። ስለዚህ ጠንካራ ከረጢት በበረዶ ሞልታችሁ፣ ገመዱን አስራችሁ ቅበሩትና ላዩን ርገጡት፤ ቆይቶ ሲጠጥር እንደ መልሕቅ ይይዛል። አንቴናውን ከሬዲዮው የሚያገናኘው የኮአክሲያል ኬብል ሽፋንም ብርድ ላይ ስለሚደርቅ በኃይል ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሞቅ እንዳለ፣ ሰፋ አድርጋችሁ ፍቱት። የፒኤል-259 ጫፉን (የኬብሉን ማገናኛ) ደግሞ በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ውስጡ የገባ በረዶ ሲቀልጥ ኤስደብሊውአሩን ከፍ ያደርገዋል።

ደረቅ በረዶ በነፋስ እየተገፋ ሽቦውን ሲመታ ኤሌክትሪክ ይከማቻል። በመጀመሪያ የሚሰማው የሚያድግ ሽውታ ነው፤ አንዳንዴ በማገናኛው ላይ ብልጭታ ይዘላል፣ የሬዲዮውን መቀበያም ሊያቃጥል ይችላል። መፍትሔው አንቴናው መሃል ላይ 100 ኪሎ ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር በሁለቱ ጎኖች መካከል ማገናኘት ነው። ከሌለ፣ ሽውታው ሲጀምር ኬብሉን ከሬዲዮው ንቀሉ።

ሰውን ቶሎ ወደ ቤት የሚመልሰው ግን በአብዛኛው ባትሪው ነው። ባለ 100 ዋት ሬዲዮ ሲያሰራጭ ሲበዛ 20 አምፔር ያህል ይስባል፣ ሲያዳምጥ 1 አምፔር ገደማ። በድምፅ ሲወራ አማካዩ 8 አምፔር ቢሆንና ከጊዜው ሩቡን ብታወሩ፣ በአማካይ 2.75 አምፔር ነው። 20 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በስሌት ሰባት ሰዓት ይሠራል፤ በብርድ አምስት አስቡ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ በታች ኃይል ይሰጣል፣ ቻርጅ መደረግ ግን የለበትም፦ ሊቲየሙ በአሉታዊው ጫፍ ላይ እንደ ብረት ይለጠፍና ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል። ወጥመዱ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ደጅ ያደረ ባትሪ ከፀሐይ ፓነል ጋር እንደተገናኘ ይቀርና፣ ፀሐይ ስትወጣ ማንም ሳያስበው ቻርጅ ይጀምራል። መከላከያ ሰርኪዩት ያለው ይቆርጠዋል፣ የሌለው ይበላሻል። የእርሳስ አሲድ ባትሪም ኃይሉ ካለቀ በኋላ ውስጡ በረዶ ሊሆንና ሣጥኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። የትኛውም ይሁን፣ ፎም ባለው የምግብ መያዣ ሣጥን ውስጥ ሙቅ ውሃ ከያዘ ጠርሙስ ጋር አስቀምጡት።

ሎግ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ይቀዘቅዛል። የሬዲዮው ስክሪን ዘግየት ቢል አትደንግጡ፣ ኤልሲዲ ብርድ ላይ እንዲህ ነው። እግር ሥር የፎም ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ኦፕሬተር ቢያንስ በየሰዓቱ ይቀያየር። አንድ ነገር ግን ድርድር የለውም፦ ድንኳን ውስጥ ነዳጅ ወይም ከሰል የሚያነድ ማሞቂያ አይለኮስም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ይግባ። ጀነሬተሩም ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ዞሮ ይቁም።

ስትመለሱ ሬዲዮውን ገና ደጅ ሳላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት። ቤት ውስጥ እንደታሸገ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይ፤ ጤዛው በሬዲዮው ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በከረጢቱ ላይ ያርፋል። እስኪሞቅ ድረስ አታብሩት።