ኤች-ኢንዴክስ ስንት ነው ሲሉህ

ደብረ ብርሃን የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን «ኤች-ኢንዴክስህ ስንት ነው?» ተብሎ ግራ ገባው። ብዙ ሰው የጽሑፍ ብዛት ይመስለዋል። አይደለም። የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች በሌሎች ተመራማሪዎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳይ መለኪያ ነው።

ስለ መንዝ በግ አምስት ጥናት አሳትመሃል እንበል። ሌሎች ተመራማሪዎች አንዱን 25 ጊዜ፣ የቀሩትን ደግሞ 9፣ 6፣ 4 እና 2 ጊዜ ጠቅሰዋቸዋል። አራቱ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክስህ 4 ነው። 5 እንዲሆን አምስቱም ቢያንስ 5 ጊዜ መጠቀስ ነበረባቸው። የመጀመሪያው 25 ይቅርና 300 ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ያው 4 ነው።

መለኪያውን በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው።

ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የመጠቀስ ልማዱም ከሙያ ሙያ ይለያያል። ስለዚህ ጀማሪን ከአንጋፋ፣ ሐኪምን ከታሪክ አጥኚ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። በጥናትህ የመንዝ ገበሬ በግ ቢሻሻልም ቁጥሩ ውስጥ አይገባም።

ስትጠየቅ ቁጥሩን ከየት እንዳገኘህም ተናገር። ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ከሚቆጥሩት ድረ-ገጾች መካከል ጉግል ስኮላር ብዙ ዓይነት ጽሑፍ ስለሚቆጥር አብዛኛውን ጊዜ ከስኮፐስ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል።