የሱፍና የቃጫ ምንጣፍ፦ አመራረጥ፣ አነጣጠፍና አያያዝ

ከእንስሳ ጠጉር ወይም ከዕፅዋት በተገኘ ክር የተሠራ ምንጣፍ ሁሉ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ይገባል። ከእንስሳ በኩል ዋናው የበግ ሱፍ ነው፤ ሐርም አለ። ከዕፅዋት በኩል ጥጥ፣ ጁት፣ ሲሳል፣ የኮኮናት ቃጫና የባሕር ሣር ይጠቀሳሉ። ናይለን፣ ፖሊስተርና ፖሊፕሮፒሊን ከነዳጅ ዘይት ስለሚገኙ እዚህ የሉም። የሚያደናግረው ቪስኮስ ነው። «የቀርከሃ ሐር» እየተባለ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጥሬ ዕቃው ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ ቢመጣም፣ በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር የሆነ ነው። ውሃ ሲነካው ይደክማል። ወለል ላይ ለሚረገጥ ነገር ደግሞ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በታሪኩ ውስጥ ሱፍ ሰፊውን ቦታ ይይዛል፤ ይገባዋልም። ሙሉ አካላቸው ሳይጠፋ ከተገኙ ባለቋጠሮ (ጠጉሩ በድሩ ላይ አንድ በአንድ የተቋጠረ) ምንጣፎች በዕድሜ ቀዳሚው የፓዚሪክ ምንጣፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ሰርጌይ ሩዴንኮ የተባሉ የሶቪየት አርኪዮሎጂስት በሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች ከሚገኝ የመቃብር ጉብታ አወጡት። መቃብሩን ቀድመው ሌቦች ቆፍረውት ነበር። በከፈቱት ቀዳዳ ውሃ ገብቶ በረዶ ሆነ፤ ምንጣፉን ከመበስበስ ያዳነውም ያ በረዶ ነው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ወይም በ4ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። ስፋቱ 183 በ200 ሴንቲሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ውስጥ ወደ 36 ቋጠሮ አለው። ዳር ዳሩን ፈረሰኞችና አጋዘኖች ይዞሩታል። የት እንደተሠራ ምሁራን አልተስማሙም። ፋርስ የሚሉ አሉ፤ አርሜንያ የሚሉ አሉ፤ የአካባቢው ዘላኖች ሥራ ነው የሚሉም አሉ። የማያከራክረው የሠራተኛው እጅ ብስለት ነው። እንዲህ ያለ ጥበብ በአንድ ትውልድ አይደረስበትም። ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ፣ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል።

ሁለተኛው ታላቅ ስም የፋርሱ የአርደቢል ምንጣፍ ነው። በራሱ ላይ በሂጅራ አቆጣጠር 946 የሚል ዓመት ተሸምኖበታል። ይህም እ.ኤ.አ. 1539–40 መሆኑ ነው። ከአሥር ሜትር በላይ ይረዝማል። ጠጉሩ ሱፍ ሲሆን ድርና ማጉ ሐር ነው። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1893 በ2,000 ፓውንድ ገዛው፤ እንዲገዛ ከመከሩት አንዱ እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ዊልያም ሞሪስ ነበር። ሙዚየሙ መብራት የሚያበራለት በየግማሽ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ብርሃን ቀለም ይበላልና። ቤት ውስጥ በመስኮት አጠገብ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከቀለም ጋር የተያያዘ ሌላም ለውጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የጨርቅ ቀለም አገኘ። ከዚያ በኋላ ከዕፅዋት ሥርና ከነፍሳት የሚወጡት ቀለሞች ቀስ በቀስ ገበያ አጡ። ከቀደሙት ሰው ሠራሽ ቀለሞች ብዙዎቹ ቶሎ የሚደበዝዙ ወይም በውሃ የሚለቁ ነበሩ። ዛሬ ያሉት ከዚያ እጅግ ይሻላሉ።

የዕፅዋት ቃጫዎች ታሪክ ከንግድና ከፋብሪካ ጋር የተሳሰረ ነው። ጁት ከቤንጋል ወደ ስኮትላንዷ ደንዲ ተጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በዓሣ ነባሪ ዘይት እየለሰለሰ በማሽን መፈተል ጀመረ። የሲሳል አገሩ ሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው የግብርና ባለሙያ ሪቻርድ ሂንዶርፍ 1,000 ችግኝ ከፍሎሪዳ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ ወዳለችበት አስመጣ። በሕይወት የደረሱት 62 ብቻ ነበሩ። የዛሬዋ ታንዛኒያ በኋላ በዓለም ከታወቁት የሲሳል አምራቾች አንዷ ሆነች። የኮኮናት ቃጫ በደቡብ ሕንድ ኬረላ በረግረግ ውሃ ተነክሮ የሚወጣ ጠንካራ ክር ነው።

ሲመርጡ መጀመሪያ ምንጣፉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ቋጠሮው ከኋላ አንድ በአንድ ከታየ በእጅ የተቋጠረ ነው። ጀርባው በጨርቅ ከተሸፈነ ብዙውን ጊዜ ክሩ በመሣሪያ ተወግቶ በሙጫ የተያዘ ነው። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ደርቆ ይፈረፈራል። ሻጮች የቋጠሮ ብዛት ሲቆጥሩ ይውላሉ። ብዛት ለረቂቅ ንድፍ ያስፈልጋል እንጂ ብቻውን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ጥሩ ሱፍ ያላቸው ሻካራ የዘላኖች ምንጣፎች ብዙ ዘመን ኖረዋል። ቀለሙን ለመፈተን ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ጥግ ላይ መጫን ይበቃል። ክሩን ለመለየት ደግሞ አንድ ዘለላ መዝዞ ማቃጠል ነው። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይደቅቃል። የዕፅዋት ክር እንደ ወረቀት ይነድዳል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

ሰው ለሚበዛበት ሳሎን ሱፍን የሚስተካከል የለም። ሲረገጥ ተመልሶ ይነሳል። ከአየር ላይ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ቢይዝ እንኳ ርጥብ አይመስልም። እሳትም ቶሎ አይዘውም። ሲሳል ለኮሪደር ይሆናል፤ ለባዶ እግር ግን ይኮሰኩሳል። ጁት ለስላሳና ርካሽ ስለሆነ መኝታ ቤት ይስማማዋል። የባሕር ሣር ገጹ ሰም የተቀባ ስለሚመስል የፈሰሰበትን ቶሎ አይመጥም። የኮኮናት ቃጫ የበር ላይ ነው። ጥጥ ይታጠባል። ለመታጠቢያ ቤት ከጥጥ በቀር ሌላውን ባያስቡት ይሻላል።

አነጣጠፍ ላይ የሚበዛው ስህተት ትንሽ ምንጣፍ መግዛት ነው። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ ይቁሙ። የምግብ ጠረጴዛ ሥር ከሆነ፣ ወንበር ሲሳብ እንዳይወርድ በየጎኑ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ይትረፍ። በሚያንሸራትት ወለል ላይ ከሥሩ የማያንሸራትት ስስ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ሰው ከመውደቅ ይድናል፤ ምንጣፉም በመፋተግ አይበላም።

ከእንክብካቤው ሁሉ የሚቀድመው አቧራ ማንሳት ነው። አሸዋ ወደ ሥር ከገባ በተረገጠ ቁጥር ክሩን ይቆርጣል። ቫኪዩም ሲጠቀሙ የሚሽከረከረውን ብሩሽ ያጥፉ። አዲስ የሱፍ ምንጣፍ ለጥቂት ወራት ብናኝ ቢለቅ አያስደንግጥ፤ ያልታሰረ ጠጉር ነው። የተንጠለጠለ ክር ካዩ አይምዘዙ፤ በመቀስ ይቁረጡ። ፀሐይና እግር ሁሉንም ጎን እኩል እንዲነካው በየስድስት ወሩ ማዞር ይጠቅማል።

ነገር ከፈሰሰ ወዲያው በነጭ ጨርቅ መጫን ነው፤ ከዳር ወደ መሀል። ማሸት ቆሻሻውን ያሰፋዋል። ኮምጣጤ በውሃ አቅጥኖ መጠቀምን አንዳንዶች ይመክራሉ፤ ሌሎች ይቃወማሉ። በረኪና ግን ሱፍን ያበላሻል፤ ይህ አያከራክርም። ጁትና ሲሳል ከነጭራሹ ውሃ አይወዱም። ረጥበው ሲደርቁ ከውስጣቸው የሚወጣው ቡናማ ነገር ገጽ ላይ ይቀራል፤ ያንን ማስለቀቅ ከባድ ነው።

የሱፍ ጠላት ብል ነው። የሚበላው የሚበረው ነፍሳት ሳይሆን ትል መሳዩ እጭ ነው። የሚወደውም ከሶፋ ሥር ያለውን፣ ጨለማና ያልተነካ ቦታ ነው። ስለዚህ ከባድ ዕቃ በየጊዜው ተነስቶ ሥሩ ይጠረግ። ጥሩ ሽታ ያላቸው ቅጠሎች ሊያባርሩት ይችላሉ እንጂ አይገድሉትም። ትንሽ ምንጣፍ ከሆነ በላስቲክ አሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ማቆየት እንቁላሉንም ይገድላል። የዕፅዋት ቃጫ ብል አይፈልገውም።

ለማስቀመጥ ጠቅልለው እንጂ አጥፈው አይሁን፤ እጥፋቱ ድሩን ይሰብራል። በላስቲክ ለረጅም ጊዜ ከታሸገ እርጥበት ታፍኖ ይሻግታል። በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ተሸፍኖ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ ቋጠሮ ያለው ምንጣፍ ላይ የራሱ የድሩ ቅጥያ ነው። መተርተር ከጀመረ ቋጠሮዎቹ አንድ በአንድ ስለሚከተሉ ሳይውል ሳያድር ለጥገና ባለሙያ መስጠት ያስፈልጋል።