ስለ መሶብ በእስፔራንቶ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ስፌት የሚሰፋ ሰው ማግኘት ቀላል ነው። እስፔራንቶ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ የሚናገር ሰው ግን እንጃ። እኔ ስፌቱን ከአክስቴ ተማርሁ፣ እስፔራንቶውን ከስልኬ። ሁለቱን ላገናኝ ብዬ ስለ መሶብ አሰፋፍ በእስፔራንቶ መጻፍ ስጀምር ግን ቃል ጠፋኝ። ሰው የሚለኝም ሌላ፣ መዝገበ ቃላቱ የሚለኝም ሌላ። ራሴ አምኛቸው የነበሩትን ስህተቶች ጭምር እነሆ።

«እስፔራንቶ ሰው የፈጠረው ስለሆነ ለእጅ ሥራ የሚሆን ቃል የለውም»

ሰው የፈጠረው መሆኑ ልክ ነው። ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ አሳተመው። ያኔ የቃላቱ ሥሮች ወደ 900 ገደማ ነበሩ። ግን እዚያው አልቀረም። በ1970 የወጣው ትልቁ መዝገበ ቃላት፣ ፕሌና ኢሉስትሪታ ቮርታሮ፣ ከ15 ሺህ በላይ ቃላት ይዟል።

ቅርጫት «ኮርቦ» ነው። ዳንቴል «ፑንቶ» ነው። ሹራብ መሥራት «ትሪኪ» ነው። ወስፌም አለ፦ «አሌኖ»። ይህችን ቃል ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። መርፌና ክር ባሉበት ስፈልግ እሷ ከጫማ ሰፊ ዕቃዎች ጋር ተቀምጣ ነበር።

«መዝገበ ቃላት ውስጥ ካልተገኘ ቃሉ የለም ማለት ነው»

እስፔራንቶ ላይ ይሄ አይሠራም። ቃል በቅጥያ ይራባል። መሸመን «ቴክሲ» ነው። መሣሪያ የሚያደርገውን «ኢል» ሲጨምሩበት «ቴክሲሎ» ይሆናል፣ መሸመኛው ማለት ነው። ሸማኔው «ቴክሲስቶ»፣ የሚሸመንበት ቤት «ቴክሴዮ»። ሁለት ቃል ማጋባትም ይቻላል። እኛ ኪሮሽ የምንለው ሥራ «ክሮችትሪኪ» ይባላል። «ክሮቺ» በመንጠቆ መያዝ ነው፣ «ትሪኪ»ን ከላይ አይተናታል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። መስፋት «ኩድሪ» ስለሆነ «ኩድሪሎ» ማንኛውም የመስፊያ ዕቃ ይመስላል። አይደለም፣ በልማድ መርፌ ብቻ ሆኗል። ወስፌን «ኩድሪሎ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው መሶቡን በልብስ መርፌ ስትሰፉ ነው የሚታየው።

«የእንግሊዝኛውን ቃል አግኝቶ ወደ እስፔራንቶ መመለስ ይበቃል»

እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄኛው ነው። እንግሊዝኛው ቅርጫት «ይሸመናል» ይላል። እኔም እሱን ይዤ ወደ እስፔራንቶ ሄድሁ። ለቅርጫት የሚሰጠው ግስ «ፕሌክቲ» ሆነ፣ መጎንጎን ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ጻፍሁ። ኋላ ላይ ሳይ ከዚሁ ግስ የወጣው «ፕሌክታዦ» የፀጉር ጉንጉንም ነው። ለአክስቴ ስነግራት ወስፌዋን አስቀምጣ ሳቀች። «አንቺ፣ ሹሩባ ነው እንዴ የሠራሽው?»

እውነቷን ነው። መሶብ አይጎነጎንም፣ አይሸመንም። ሣሩ በእስር በእስሩ ይያዛል። ከመካከል ተነስቶ እየዞረ ይጠቀለላል። እያንዳንዱ ዙር ከበፊተኛው ጋር በወስፌ እየተበሳ ይሰፋል። አማርኛ ይህን ከጥንት ጀምሮ አውቆ ነው «ስፌት» ያለው። ስለዚህ ለኔ ሥራ የሚስማሙት «ቮልቪ»፣ ማለትም መጠቅለል፣ እና ያችው «ኩድሪ» ናቸው። የሣሩ እስር «ፋስኮ» ነው። በነዚህ ሦስት ቃላት ስጽፍ መሶብ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እጁ ምን እንደሚሠራ ይገባዋል። ሰበዙን ሳያዩ ግሱን መምረጥ አይሆንም ለማለት ነው።

ደግሞ እንግሊዝኛው ራሱ መች እርስ በርሱ ተስማማና! የኪሮሽ ንድፍ ከፍታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። አሜሪካዊቷ «ሲንግል ክሮሼ» የምትለውን እንግሊዛዊቷ «ደብል ክሮሼ» ትለዋለች። አንዱን ይዞ ቃል በቃል ወደ እስፔራንቶ የመለሰ ሰው ግማሹን አንባቢ ያሳስታል። እዚህ ላይ ከስም ይልቅ የንድፍ ምልክት ይሻላል። ምልክቱን አስቀምጦ፣ ክሩ በመንጠቆው ላይ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በአጭሩ መናገር ነው።

«መሶብና አለላም የግድ መተርጎም አለባቸው»

የግድ አይደለም። መሶብን «ኮርቦ» ብቻ ብሎ መተው በደል ነው። ቅርጫት ከቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምንይዝበትም ነው እኮ። እኔ «ሜሶቦ» እላለሁ። ስም ሁሉ በ«ኦ» ስለሚያልቅ እሷን መጨመር ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። መጀመሪያ ስጠቅሰው አንድ ጊዜ አብራራለሁ፦ ምግብ የሚቀርብበት፣ እግር ያለው፣ ባለ ክዳን ስፌት። ክዳን «ኮቭሪሎ» ነው፣ ከመክደን የወጣ። አየሽ፣ «ኢል» እንደገና መጣች።

ሣሮቹ ላይ ደግሞ የእጽዋት ሊቃውንት ስም ያድናል። አክርማ በሳይንሳዊ ስሙ ኤሌውሲኔ ፍሎቺፎሊያ ነው። ይህን ከጻፍሁ ብራዚል ያለችም ጃፓን ያለችም የትኛውን ሣር እንዳልሁ ፈልጋ ታገኘዋለች። አለላን «ፋርቢታ ሄርቦ» ብዬ ነበር፣ ቀለም የተቀባ ሣር። አክስቴ ትርጉሙን ስትሰማ ከፋት። «አለላዬን ሣር አልሽው?» አሁን «አለላኦ» ብዬ ጽፌ ማብራሪያውን አስከትላለሁ። ሲነበብ ትንሽ ያደናቅፋል፣ ግን ሰላም አግኝቻለሁ።

«የተውሶ ቃል ቋንቋን ያዋርዳል»

ዳንቴልና ኪሮሽ ከየት የመጡ መሰላችሁ? ከፈረንጅ ነው። ሶፋችን ላይ ተነጥፈው ቡና ስንጠጣ ማንም አማርኛችን ተዋረደ አላለም። ይሄን በዚሁ ልለፈው።

«ቃሉ ቢገኝም የሚያርምሽ የለም»

ማረሚያ አለ። የእስፔራንቶ ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ ዛሬ ከ300 ሺህ በላይ ጽሑፎች አሉት። ስለ ሥራው በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ገጽ ከፍቼ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር እስፔራንቶን እመርጣለሁ። ካለ፣ ፎቶውን ከቃሉ ጋር አያለሁ። ከሌለ፣ የራሴን ቃል ከፎቶ ጋር ለሚያውቁ ሰዎች እልካለሁ። ባለፈው የመሶቡን እግር ፎቶ ላክሁ። ለስሙ ሁለት አማራጭ አቅርቤ ነበር። የመጣው መልስ ግን ስለ ቃሉ አይደለም፦ «ይሄ እንዴት ሳይወድቅ ይቆማል?» አክስቴን ጠይቄ ልመልስላቸው ነው።