ዑርፍ ምንድን ነው? «ባህል» ተብሎ ሲተረጎም የሚጠፋው ነገር

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንድ ውይይት ላይ ተቀምጬ ነበር። ርዕሱ ሃይማኖት፣ ባህልና ዘመናዊ ትምህርት ነው። አንድ አስተያየት ሰጪ ማይክ ተቀበለና «ዑርፍ ማለት ባህል ነው» አለ። ቀጠለ። «ሴት ልጅ መሬት አትወርስም የሚለው የአገራችን ዑርፍ ነው። ፊቅህ (የእስልምና የሕግ ትምህርት) ደግሞ ዑርፍን ይቀበላል። ስለዚህ የተማረ ሙስሊም ከዑርፍ መላቀቅ አለበት።» አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔ ማጨብጨብ አልቻልኩም። ይህን ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። መርካቶ ውስጥ ለዓመታት ፊቅህ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ከሁሉም ቃል እንደ ዑርፍ የሚጎሳቆል አላየሁም። አንዱ ያረጀ ነገር ሁሉ መሸሸጊያ ያደርገዋል። ሌላው ያንኑ ይዞ ቃሉን ከነሥሩ ይጥለዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ዑርፍ አይደለም።

ዑርፍ የአለባበስ፣ የምግብና የዘፈን ስብስብ አይደለም። የቃዲ፣ ማለትም የሸሪዓ ዳኛ፣ እንዲሁም የሙፍቲ፣ ማለትም ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) የሚሰጥ ሊቅ፣ መሣሪያ ነው። ሸሪዓ አንድን ነገር አዝዞ ልኩን ለሰዎች የሚተውበት ብዙ ቦታ አለ። ያን ልክ ከየት እናምጣው? ሰዎች በመካከላቸው ከሚያውቁትና ከጸናው ልማዳቸው። ቁርኣን ሱረቱል በቀራ 233 ላይ አባት ለምታጠባ እናት ምግቧንና ልብሷን «ቢልመዕሩፍ» እንዲያቀርብ ያዛል። መዕሩፍና ዑርፍ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ የታወቀ ማለት ነው። ስንት ኪሎ፣ ስንት ቀሚስ አልተባለም።

እህል በረንዳን አስቡት። ያን የኪሎ ሚዛን ያልተለመደበትን ጊዜ። ገዢ መጥቶ «ሁለት ቁና ጤፍ ስፈርልኝ» ሲል ሻጩ «የማን ቁና?» አይልም። የገበያው ቁና ይታወቃል። ዑርፍ ያ ቁና ነው። ጤፉን አያበቅልም፤ ይሰፍራል። ለዚህም ነው ብዙ የኡሱል (የፊቅህ መሠረቶች) ሊቃውንት ዑርፍን እንደ ቁርኣንና ሐዲስ ራሱን የቻለ የሕግ ምንጭ አድርገው የማይቆጥሩት።

ምሳሌውን ትንሽ እንግፋው። ገዢና ሻጭ ገና ሲነጋገሩ «በኪሎ ይሁን» ካሉ ቁናው ይቀመጣል። በግልጽ የተዋዋሉት ነገር ካለ ዑርፍ ቦታ የለውም። ዝም ካሉ ግን የገበያው ልማድ እንደ ውል ይቆጠራል። የኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በመጀላ፣ አንቀጽ 43 ይህንኑ ይላል፦ በልማድ የታወቀ በውል እንደተቀመጠ ነው። አንቀጽ 36 ደግሞ በአጭሩ «ልማድ ዳኛ ነው» ይላል። መርካቶ ውስጥ የተሸካሚውን ሒሳብ ማን ይከፍላል፣ የደላላውስ ከማን ይወጣል? ውል ላይ ሳይጻፍ ሁሉም ያውቀዋል። ክርክር ቢነሳ ቃዲው የሚጠይቀው የዚያኑ የገበያ ተራ ነጋዴዎች ነው።

የሌላ ገበያ ቁና ይዞ መምጣትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1285 ያረፉት የግብጹ የማሊኪ መዝሀብ (የፊቅህ ትምህርት ቤት) ሊቅ አል-ቀራፊ እዚህ ላይ ኮስተር ያሉ ናቸው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ፈትዋ ቢጠይቅህ የእሱን አገር ልማድ ጠይቀህ መልስለት እንጂ በአንተ አገር ልማድ አትመልስለት ይላሉ። መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ብቻ ዕድሜ ልክ መድረቅንም ስህተት ነው ብለዋል። ዛሬ የአንድን አገር የመህር (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ) አከፋፈል በስልክ አይቶ አዲስ አበባ ላለ ኒካህ (የጋብቻ ውል) መፍረድ ይኸው ስህተት ነው።

ቋንቋም የራሱ ዑርፍ አለው። ቁርኣን ከባሕር የሚወጣውን ዓሣ «ትኩስ ሥጋ» ይለዋል፤ ሱረቱን-ነሕል 14። ሆኖም አንድ ሰው «ወላሂ ሥጋ አልበላም» ብሎ ምሎ ዓሣ ቢበላ በሐነፊም በሻፍዒም መዝሀብ ዘንድ መሐላውን አላፈረሰም። ሰው በንግግሩ ሥጋ ሲል ዓሣ ማለቱ አይደለምና። አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ቤት ገብቶ ዓሣ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደዚያ አስተያየት ሰጪ ልመለስ። ወንድሜ፣ የሴት ልጅን ውርስ መከልከል ዑርፍ አይደለም ስልህ ልማዱ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ያውም የብዙ እህቶቻችንን ቤት ያፈረሰ ልማድ ነው። ግን ሱረቱን-ኒሳእ 7 ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት፣ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ለሴቶች የተወሰነ ድርሻ አላቸው ብሎ ዘግቶታል። ቁጥሩ ከዚያው ሱራ ከ11ኛው አንቀጽ ጀምሮ ይዘረዘራል። አላህ ራሱ መዝኖ የሰፋውን ጆንያ ፈትቶ በሰፈር ቁና መልሶ የሚሰፍር ማን ነው? ሊቃውንቱ እንዲህ ያለውን «ዑርፍ ፋሲድ» ይሉታል፤ የተበላሸ ልማድ። ፊቅህ የሚቀበለው «ዑርፍ ሰሒሕ»ን ነው፤ ከነስ (ከቁርኣንና ከሐዲስ ግልጽ ቃል) ጋር የማይጋጨውን። «ፊቅህ ዑርፍን ይቀበላል» ብሎ ይህን አለመናገር ግማሹን መናገር ነው። ያ ግማሽ ደግሞ የእህትን መሬት ያስነጥቃል።

«መላቀቅ አለበት» የሚለውም አያስኬድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለአንድና ለሁለት ዓመት በኋላ ለሚረከቡት ፍሬ ቀድመው ገንዘብ ሲከፍሉ አገኙ። ልማዱን አልጣሉትም። የከፈለ በታወቀ ስፍር፣ በታወቀ ሚዛን፣ እስከ ታወቀ ቀን ይክፈል አሉ። ቁናውን አልሰበሩትም፤ ስንጥቁን ደፈኑት።

በትምህርት ጉዳይ ደግሞ ታሪኩ «የተማረ ከዑርፍ ይላቀቅ» ከሚባለው ተቃራኒ ነው። የቀደሙት የሐነፊ ሊቃውንት ቁርኣን ለማስተማር ደመወዝ መቀበልን ከልክለው ነበር። በዘመናቸው መምህሩ ከበይተል ማል (ከመንግሥት ግምጃ ቤት) ድጎማ ያገኝ ነበር። ድጎማው ሲቋረጥ መምህሩ ለእንጀራው ሌላ ሥራ ሊሄድ፣ ቁርኣኑም አስተማሪ ሊያጣ ሆነ። የኋለኞቹ ፈቀዱት። እ.ኤ.አ. በ1836 ደማስቆ ያረፉት ኢብን ዓቢዲን ስለ ዑርፍ በጻፉት ድርሳን ይህን ከምሳሌዎቻቸው አንዱ አድርገውታል። (በጥብቅ ካየነው ይህ የልማድ ብቻ ሳይሆን የዘመንና የችግር ለውጥ ነው። ተማሪዎቼ ሁለቱን ሲያደባልቁ ዝም አልልም።) ለማንኛውም፣ በዚያ ለውጥ የተረፈው ራሱ ትምህርት ነው። የየሰፈሩ መድረሳ መምህር ዛሬ ደመወዝ የሚቀበለው በዚያ ክርክር ፍሬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዑርፍ በሰዎች ግንኙነት ላይ እንጂ በዒባዳ (በአምልኮ) ላይ አይፈርድም። የሶላት ረከዓ በልማድ አይጨምርም፣ አይቀንስም። መንዙማ (መንፈሳዊ ዜማ) ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ክርክር «ዑርፍ ነው» ብለው ለመዝጋት የሚሞክሩ አሉ። ያ ክርክር የራሱ ማስረጃና የራሱ ባለቤቶች አሉት፤ በቁና አይሰፈርም።

ብዙ የምጠየቀው ስለ ነፈቃ (የቤተሰብ ቀለብ ግዴታ) ነው። ባልና ሚስት ይለያያሉ። አባት «የድሮ ኪታቦች ላይ ምግብ፣ ልብስና ቤት እንጂ የትምህርት ቤት ክፍያ የለም» ይላል። በነቢዩ ዘመን የነበረችው ሂንድ ግን ባሏ አቡ ሱፍያን እንደሚሰስትባት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግር «አንቺንና ልጅሽን የሚበቃ በመዕሩፍ ውሰጂ» አሏት። አሁን ቃዲው ኪታቡን ከፍቶ ደብተርና ዩኒፎርም የሚል ቃል አይፈልግም። የአባትየውን አቅም ያያል። ከዚያ እንደ እነሱ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በምን እንደሚያሳድጉ ይጠይቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተክለሃይማኖት ታክሲ የሚጠብቁት ልጆች ሁሉ ቦርሳ አዝለዋል። ክፍያው ነፈቃ ውስጥ ይገባል። ያስገባው ዑርፍ ነው።